በአባቴ አርባ ላይ ምን ልበል?

«አባ ይፍቱኝ። የምጽፍልዎ ከዓለም ገና ነው። አባቴ ካረፈ ዛሬ ሃያ አንድ ቀኑ ነው። የኤንትሬ ሾፌር ነበር፤ የዕድሜውን እኩሌታ በአሰብ መንገድ ጨረሰ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ኃይለኛ ሰው ነበር። በቤታችን ሳቅ የሚሰማው እሱ መንገድ ሲወጣ ነው። ሲመለስ የመኪናው ድምፅ ከሩቅ ይሰማናል፣ ሁላችንም ሮጠን ደብተር እናወጣለን። በቀብሩ ዕለት የእድሩ ጸሐፊ የሕይወት ታሪኩን ሲያነብ ‹ትሑት፣ ቁጣ የማያውቅ፣ ለልጆቹ እንደ ጓደኛ› አለ። ወንድሜ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። እዚያው መቃብሩ አፋፍ ላይ ሳቄ መጣ። ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረና ሰው ‹ምን ያህል ብትወደው ነው› አለ። አሁን ታላቅ ልጅ ስለሆንኩ በአርባው አንቺ ተናገሪ ብለውኛል። እውነቱን ልናገር ስል ወንድሜ ‹ሙት ወቃሽ አትሁኚ› ይለኛል። ያንን ወረቀት ልድገመው ስል ደግሞ አፌ እምቢ ይለኛል። ከመሞቱ በፊት አራት ወር ተኳርፈን ነበር። ምክንያቱ ሲጻፍ ያሳፍራል፣ የአንድ ግድግዳ ጉዳይ ነው። ምን ልበል? ወይስ ዝም ልበል?»

እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ። የአባትሽን ነፍስ ይማርልሽ።

መልሴን ከፊት ላድርገው፣ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ትዕግሥት የሌለው ብዙ ነው። ተናገሪ። እውነቱንም ተናገሪ። የትኛውን እውነት፣ በምን አፍ የሚለው ግን ጊዜ ይወስዳልና ሻይሽን ቅጂና ቁጭ በይ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤ አጥፌ አስቀምጬው ነበር። ያ የእድር ጸሐፊ ያነበበው ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት እኔም አንብቤአለሁ። ያውም ካባ ለብሼ፣ መስቀል ይዤ።

ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ፣ ሠላሳ ዓመት የማውቀውን ጓደኛዬን ቀበርኩ። ስሙን አልጽፈውም። ሰፈሩ ሁሉ አሥር አለቃ ነው የሚለው፣ እኔም እንደዚያ ልበለው። ከአስኮ ወደ ቡራዩ ሲወጣ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ሃያ ምናምን ዓመት ዘበኛ የነበረ፣ የእድራችንም ዳኛ። በ1969 ዓ.ም. ሚሊሺያ ሆኖ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠለጠነ፣ ከዚያ ኦጋዴን ዘመተ። ታጠቅ እኮ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፣ ከቡራዩ አለፍ ብሎ። «ለመሠልጠን በእግሬ ሄድኩ፣ ለመዋጋት በመኪና ወሰዱኝ፣ የመለሱኝ በቃሬዛ ነው» ይል ነበር። ጭኑ ውስጥ ፍንጣሪ ቀርቶበታል። ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ ያውቃል።

ኃይለኛነቱን ልንገርሽ። የእድራችን ሕግ ለቀብር ያረፈደ አባል ይቀጣል ይላል። አንድ ቀን ሕፃን ሳጠምቅ ቆይቼ አረፈድኩ። እንግዲህ ፍትሐቱን የማደርሰው እኔ ነኝ፣ ያለ እኔ የሚጀመር ነገር የለም። አሥር አለቃ ደብተሩን ከካፖርቱ ኪስ አወጣና በሕዝብ ፊት ሃያ ብር ጻፈብኝ። «አባቴ፣ ሟቹ በሰዓቱ ደርሷል» አለኝ።

በሰው ፊት «አባቴ» ብሎ ጎንበስ ብሎ መስቀል ይሳለማል፤ ሰው ዞር ሲል «አንተ» ነው የሚለኝ። በስምንት ዓመት ይበልጠኛል፤ እኔ እሱን አንተ ለማለት አሥር ዓመት ፈጅቶብኛል። ሲናደድ ኦሮምኛው ይቀድማል። በጣም ሲብስበት ደግሞ ዝም ይላል፣ የሚያስፈራው ዝምታው ነው። አንድ ጊዜ ስብከት ላይ ለሕንጻው ቆርቆሮ የሰጠ ሀብታም ስም ጠርቼ አመሰገንኩ። ዐቢይ ጾምን ሙሉ አላናገረኝም። ሃምሳ አምስት ቀን! በር ላይ ቆሞ መስቀል ይሳለማል፣ ቃል ግን የለም። በፋሲካ ማግስት መጣና «ያቺ መበለት ሁለት ናስ ስትጥል ስሟን ማን ጠራው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም፣ ግን ከዚያ ወዲህ የሰጪ ስም ከመድረክ ጠርቼ አላውቅም።

ታማኝነቱስ? የሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ ሆስፒታል በተኛሁ ጊዜ ባለቤቴ ቤት ውስጥ ሕፃናት ነበሯትና አስታማሚ የሆነኝ እሱ ነው። አሥራ አንድ ሌሊት አልጋዬ ሥር ካርቶን አንጥፎ አደረ። ሌሊት ስነቃ ሁልጊዜ ዓይኑ ፈጦ ነው የማገኘው። ለምን አትተኛም ስለው «ተረኛ ነኝ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። የግራ እጁ የተጣመመው ደግሞ ሌሊት የምጽዋት ሳጥን ሊሰብሩ ከመጡ ልጆች ጋር ሲታገል ነው። በኋላ ከፍተን ስንቆጥረው ሳጥኑ ውስጥ አርባ ብር እንኳ አልሞላም። «አርባ ብር መሆኑን ብታውቅ ትለቅላቸው ነበር?» ብለው እንደ ሞኝ አየኝ።

አሁን ቀብሩ ጋ ልምጣ።

የእኛ ሰፈር ዛሬ ኮብልስቶን ገብቶለት ባለ ፎቅ ቢቆምበትም ጅቡ ገና አልለቀቀንም። ማታ ማታ ከባሕር ዛፉ ውስጥ ትሰሚዋለሽ። ስለዚህ አሥር አለቃ በመቃብር ጥልቀት ቀልድ አያውቅም ነበር። ዱላው ላይ በቢላዋ የተፈለፈለ ምልክት አለ። ቆፋሪዎቹ ጨረስን ሲሉ ዱላውን ጉድጓዱ ውስጥ ይተክላል፤ ምልክቱ ከአፈሩ በላይ ከታየ ሬሳው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሀብታም ድሀ የለም። የእሱ ቀን ሲመጣ ዝናቡ አላባራ አለ፣ ጉድጓዱ ውኃ እያቋተ ልጆቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተዋል። «አባ፣ ይበቃል፣ ሰው በሰበሰ» አሉኝ። እኔም ይበቃል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ አንዱን ልጅ ወደ ዘበኛ ቤቱ ላክሁትና ዱላውን ከበር ኋላ አመጣልኝ። ተከልኩት። ምልክቱ አንድ ስንዝር ከላይ ቀረ።

«ቆፍሩ» አልኩ።

ቆፈሩ። ዣንጥላ የያዘው ሁሉ አጉረመረመብኝ። በዚያ ቀን በትክክል የሠራሁት ነገር ይሄ ብቻ ነው።

ከዚያ የሕይወት ታሪክ መጣ። ጸሐፊያችን ጉንፋን ይዞት ድምፁ ስለተዘጋ ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ። እነዚህን ወረቀቶች ታውቂያቸዋለሽ፦ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በዚህ ዓመተ ምሕረት ተወለዱ፣ ሰው አክባሪ፣ ሩኅሩኅ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው። ስሙን ብትቀይሪው ለጎረቤትም ይሆናል፤ ጃኬት ቢሆን ገበያ ላይ ለሁሉም ልክ የሚሆን አይነት። አነበብኩት። «ልጆቹን በፍቅርና በምክር ያሳደገ» የሚል ነበረበት፣ እሱንም አነበብኩ።

አሥር አለቃ ሦስት ወንድ ልጆች አሉት። መሐለኛው ትምህርቱን አቋርጦ የሚኒባስ ረዳት ሆነ። አባትየው ከቤቴ ውጣ አለው፤ ወጣ። ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም። እኔ ሁለት ጊዜ ለማስታረቅ ሞክሬ ሁለቴም በሩ ላይ ተመልሻለሁ። በቀብሩ ቀን ያ ልጅ መጥቶ ከሰው ኋላ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ ነበር። ያቺን ዐረፍተ ነገር ሳነብ ቀና ብዬ አየሁት። አላለቀሰም። አየኝ፣ በደንብ አየኝ፣ ከዚያ ፊቱን አዞረና አፈር ሳይመለስ ሄደ። ጀርባው በዝናቡ ውስጥ ቁልቁል ሲወርድ ይታየኛል። አንቺ ሳቅሽ ነው የመጣው፤ የሱ ደግሞ እግሩ ነው ያነሣው። በአንድ ዓይነት ወረቀት ነው ሁለታችሁም አባታችሁን ያጣችሁት፣ የእሱን ያነበብኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

እስቲ ወደ ወንድምሽ ቃል እንሂድ። ሙት ወቃሽ። በእኛ አገር «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ያለ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ፤ «ግን» ይልና የሟቹን ጉድ ይዘረግፈዋል። ስለዚህ ቃሉ ብዙ ሰው አላስተወም። ለእኔ ወቃሽ ማለት መልስ መስጠት የማይችለውን ሰው ፍርድ ቤት አቁሞ ብቻውን የሚከስ ነው። አንቺ የጠየቅሽኝ እሱን አይደለም። ሰው ሁሉ የቀበረው ሌላ ሰው መስሎሽ አባትሽን መልሱልኝ እያልሽ ነው። ይሄ ወቀሳ አይባልም።

ደግሞ ደብዳቤሽን የጀመርሽው በምን እንደሆነ ልብ ብለሻል? «አባ ይፍቱኝ» ብለሽ ነው። በቀን ስንቴ እንሰማዋለን፣ እንደ ጤና ይስጥልኝ ቆጥረነዋል። ፍታኝ ማለት እኮ ታስሬአለሁ ማለት ነው። አባትሽ ላይ የተደረገው ጸሎትስ ስሙ ማነው? ፍትሐት። ያው አንድ ቃል ነው። የሚፈታው የታሰረ ነው። ቤተ ክርስቲያን በሬሳ ራስ ላይ ቆማ «እንጨት ሆኖ የማይጨስ፣ ሰው ሆኖ የማይበድል የለም» ብላ ነው የምትለምንለት። እኛ ካህናቱ ሰዓት ሙሉ ማረው፣ ይቅር በለው፣ ፍታው ስንል ቆይተን ከዚያ አንዱ ወረቀት ያወጣና ቁጣ የማያውቅ ይለናል። ቁጣ የማያውቅ ከሆነ ቅድም ምን ስንለምን ነበር? በአሥር አለቃ ቀብር ላይ ሁለቱንም በአንድ አፌ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ለዚህ ነው የሚያናድደኝ።

በተአምረ ማርያም የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሰምተሻል፣ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ላይ ማን ያልሰማ አለ። የበላው ሰው ሰባ ስምንት ነው ተብሎ ቁጥሩ ሳይቀር ይነበባል። ለምስኪን የሰጠው ጥርኝ ውኃም ይነበባል። ቁጥሩ ቢደበቅ የውኃው ነገር ምን ይደንቃል? ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ መካዱን በየዓመቱ በሕማማት እናነብበታለን፣ ቅር ያለው አይመስለኝም።

ዳዊትስ ትይኝ ይሆናል፤ ለሳኦል ሲያለቅስ ያን የወረወረበትን ጦር አላነሣም። እውነት ነው። ግን ያልነበረውንም አልጨመረለትም። ኃያል ነበር አለ፤ ሳኦል ደግሞ በእርግጥ ኃያል ነበር። መተው ሌላ ነው፣ መፍጠር ሌላ ነው። አንቺም የምትተዪው ነገር ይኖርሻል። ሁሉን ዘርግፊው እያልኩሽ አይደለም።

ከቀብሩ በኋላ ምን አደረግህ ካልሽኝ፣ ሳምንት ያህል ምንም አላደረግሁም። እንደ በሽተኛ ነበርኩ። ከዚያ አንድ ቀን ዳዊቴን ስገልጥ ወረቀት ወደቀ።

ይህን ለመረዳት የሆሳዕናን ነገር ማወቅ አለብሽ። በሕማማት ሳምንት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት በሆሳዕና ዕለት አስቀድመን እናደርስላቸዋለን። ብዙ ሰው ዘንባባውን በጣቱ ቀለበት እየሠራ ይህን አያስተውለውም። አሥር አለቃ ግን ለእሱ ነበር የሚቆመው። ዱላውን ተደግፎ፣ ቆቡን አውልቆ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። «የራስን ፍትሐት ቆሞ መስማት ጥሩ ነው፣ ምን እንደሚሉልህ ታውቃለህ» ይላል። ከዚያ ሲያልቅ ሁልጊዜ ትንሽ ወረቀት ይሰጠኛል። ስም ነው። «በቅዳሴ ጥራልኝ» ይለኛል፣ የማን ነው አይልም። እኔም አልጠይቅም። ያጠመቅሁት እኔ ስለሆንኩ የክርስትና ስሙን አውቀዋለሁ። የመሐለኛው ልጁ ነው።

(የንስሐ ምስጢር አወጣ እንዳትይኝ። የንስሐ አባቱ እኔ አልነበርኩም። «ጓደኛና የንስሐ አባት ባንድ ሰው አይሆንም፣ ታዝንልኛለህ» ብሎ ሌላ ደብር ነበር የሚሄደው። ንስሐ ውስጥ ያለውን አንድም ቃል አላውቅም።)

ከዳዊቴ የወደቀው ከእነዚያ አንዱ ነው። የእድር ደረሰኝ ጀርባ ላይ በእርሳስ የተጻፈ። ጽሕፈት የተማረው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነውና ፊደሎቹ እንደ ሰልፈኛ ራቅ ራቅ ብለው ነው የሚቆሙት። ማተሙ እላዩ ላይ አለ።

ለአርባው አሥር ቀን ሲቀረው ልጁን ፍለጋ ወጣሁ። ተራ አስከባሪዎቹን ጠይቄ በሦስተኛው ቀን አገኘሁት፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ እየጠራ። ቄስ ሲያይ ደነገጠ። ሻይ ልጋብዝህ አልኩት፣ አልጠጣም አለ። ወረቀቱን ሰጠሁት። አነበበው፤ አንዲት ቃል ነው፣ ግን ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ማተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ አጥፎ ሳንቲም ከሚይዝበት ኪስ ሳይሆን ከውስጠኛው ኪሱ ከተተውና «ስንት ዓመት?» አለኝ። «ስድስቱንም» አልኩት። «ታዲያ ስልክ አልነበረውም?» አለ። ልጄ፣ ለዚህስ ምን ይመለሳል። አልነበረውም ማለት አልችልም፤ ነበረው። «ኃይለኛ ነበር» አልኩት። «አውቃለሁ» አለ። መኪናው ሞላና ሄደ።

ለአርባው ስናገር ለባለቤቱም ለልጁም አስቀድሜ ነግሬ፣ እሺ ብለውኝ ነው። የሃያ ብሩን ቅጣት ተናገርኩ፣ ድንኳኑ ሳቀ፤ ባለቤቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። አሥራ አንዱን ሌሊት ተናገርኩ። ከዚያ «ልጁን ስድስት ዓመት አላናገረም፣ በስድስቱም ዓመት ስሙን አስጠርቷል» አልኩ። ድንኳኑ ጭጭ አለ። አንድ የእድር ሽማግሌ በኋላ ጠጋ ብለው «አባ፣ ዛሬስ አበዙት» አሉኝ። ይሆናል። ልጁ መጥቶ ነበር፣ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆሞ ሰማ። ንፍሮውን ቀመሰና ወደ ሥራው ሄደ። ይቅር ብሎት እንደሆነ አልጠየቅሁትም፣ የእኔ ጉዳይም አይደለም። ግን በዚህ ጊዜ እስኪያልቅ ቆሟል።

እንግዲህ ወዳንቺ።

ቅጽል የሚባል ነገር አትጠቀሚ። ደግ፣ ትሑት፣ ኃይለኛ፣ ጨካኝ፣ ሁሉንም ተያቸው። ያደረገውን ተናገሪ። ደብዳቤሽ ውስጥ እኮ ንግግሩ ተቀምጧል፤ «የመኪናው ድምፅ ከሩቅ ይሰማናል፣ ሁላችንም ሮጠን ደብተር እናወጣለን»። ይህን ብቻ ብትዪ ድንኳን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አባትሽን ያየዋል። ግማሹ የራሱን አባት ያያል። ፍርሃቱም አለበት፣ ደብተሩም አለበት። ደብተሩን የገዛው ማን ነው? በአሰብ መንገድ ሙቀት ተቀቅሎ ያመጣው ገንዘብ አይደለም? ያንን አንቺ መተንተን የለብሽም፣ ሰው ራሱ ያገናኘዋል።

ደግሞ አንድ ሥራ ልስጥሽ። አርባው ሳይደርስ ረዳቱ የነበረውን ሰው ፈልጊው፣ ወይ አብረውት የነዱትን። ሾፌር ግማሽ ሕይወቱ መንገድ ላይ ነው። አንቺ የምታውቂው ቤት የገባውን ነው፣ ደክሞት፣ አቧራ ለብሶ፣ ለሦስት ቀን እንቅልፍ የመጣውን። በረሃ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ምን ይል ነበር? ለረዳቱ ያበላው ነበር ወይስ አያበላውም? የተበላሸ መኪና ሲያይ ይቆማል ወይስ ያልፋል? ምናልባት የምትሰሚው አያስደስትሽም፣ እዚያም ኃይለኛ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሂጂ። ሟች ቤት ቁጭ ብሎ የሚያለቅስ ሁሉ ከሟቹ የያዘው አንድ ቁራጭ ነው፤ አንቺም እንደዚያው።

እናትሽ በሕይወት ካሉ የምትናገሪውን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። አብረውት የኖሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸው «ይህ ይቅር» ያሉት ነገር ይቅር፣ ለምን አትበዪ። ወንድምሽንም እንደዚሁ። በክርኑ የጎሸመሽ እሱ ነው፣ እውነቱን ያውቃል። የፈራው አንቺ እንዳትበቀዪ ነው።

ግድግዳውን አታንሺ። ለስንት ሰው ነው የምታስረጂው? የአንቺና የሱ ሒሳብ በድንኳን ውስጥ አይወራረድም። እሱን ለንስሐ አባትሽ ውሰጂው፣ እንዳለ፣ ሳታሳምሪ። ከፈለግሽ መቃብሩ ጋ ሄደሽ ለራሱ ንገሪው፣ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ድምፅ አውጥተሽ። እኔ አድርጌዋለሁ፣ ቄስ ስለሆንኩ ሰው ጸሎት መሰለው። አራት ወር ዝም ስትሉ እሱ ምን ያደርግ እንደነበር አታውቂም። እኔም አላውቅም። የሌለ ወረቀት ፈጥሬ ላጽናናሽ አልፈልግም። ምናልባት ቁጭ ብሎ ተናዶ ነበር፣ በቃ። የአሥር አለቃ የመጨረሻ ቃል ለእኔ «በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል» ነው። ሠላሳ ዓመት ጓደኝነት፣ ያችን ይዤ ነው የቀረሁት።

በአንድ ቀን ሁሉንም ጨርሺ ያለሽ ደግሞ የለም። አባቶች ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት ብለው የከፋፈሉት አለምክንያት አይመስለኝም። በአርባ ያልወጣልሽ በሰማንያ ይወጣል። በሰማንያ ካልሆነ ዓመቱ አለ።

ለተዝካሩ እንዳትበደሪ። ሰንጋ ጥለሽ ሁለት ዓመት ዕዳ ከምትከፍዪ ለጥቂት ድሆች እንጀራ አብዪ፣ ይበቃል። ንግግርሽም ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ሰው ወጡን ነው የሚያስበው። ብታለቅሺ ቁሚና አልቅሺ። ሳቅሽ ከመጣም ሳቂ፣ በዚህ ጊዜ ለምን እንደሳቅሽ ሰው ይገባዋል።

የአባትሽን የክርስትና ስም ጻፊልኝ፣ በቅዳሴ እጠራዋለሁ። ከአሥር አለቃ ቀጥሎ ነው የሚሰለፈው፣ አስቀድሜ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። እሱ ተራ አያስጥስም።